ግማሽ ቃል ሰምቶ ስለ መፍረድ

በጃፓን አገር ሥዕልና ጽሕፈት አንድነት ኾነው የሚደረሱበት፥ የአገሩ ሰዎች ማንጋ የሚሉት የመጽሐፍ ዐይነት አለ። ከዚሁም ተወስዶ ሥዕሉ እየተንቀሳቀሰ፥ ድምፅና ዜማ ተጨምሮበት በቴሌቪዥን ሲታይ አኒሜ ይባላል። ናትሱኪ ታካያ የተባለች ደራሲት «ፍሩትስ ባስኬት»፥ በእኛ ቋንቋ የፍራፍሬ ቅርጫት ብላ የሰየመችውን የፍቅርና የአስማት ታሪክ፥ «ሃና ቶ ዩሜ» በሚባለው መጽሔት ላይ ከ1998 እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ በተከታታይ አወጣች፤ ዘመኑ ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ሲሰበሰብም 23 መጽሐፍ፥ 136 ምዕራፍ ኾነ። ይህ አንድ ታሪክ ኹለት ጊዜ ወደ አኒሜ ተመልሷል፤ መዠመሪያ በ2001 ዓ.ም. በ26 ክፍል፥ ኹለተኛ ከ2019 እስከ 2021 ዓ.ም. በ63 ክፍል። ከዚያ ወዲህ ወዳጆቹ ተለያይተው ይከራከራሉ። ነገሩ የዜማና የቀለም ምርጫ ብቻ ቢኾን ኖሮ እያንዳንዱ የወደደውን ይዞ በተቀመጠ ነበር። ዳሩ ግን በክርክሩ ውስጥ ስለ በዳይና ስለ ተበዳይ የሚሰጥ ፍርድ አለበት፤ ፍርዱንም ከሚሰጡት ብዙዎቹ ነገሩን እስከ መጨረሻው ያልሰሙ ናቸው።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ቶሩ ሆንዳ የምትባል ልጅ አባቷ በሕፃንነቷ፥ እናቷ ኪዮኮም በኋላ በመኪና አደጋ ሞተውባት፥ ሶማ ከሚባል ባለጸጋ ቤተ ዘመድ ልጆች ጋራ ትኖራለች። በዚህ ቤት መርገም አለ። ከመካከላቸው ዐሥራ ሦስቱ፥ ወንዱን ሴት ሴቷን ወንድ ባቀፈ ጊዜ፥ ወደ እንስሳ ይለወጣሉ። ዐሥራ ኹለቱ የሩቅ ምሥራቅ ሰዎች ዓመትን የሚቈጥሩባቸው እንስሳት ናቸው፤ ዐሥራ ሦስተኛው ድመት ነው። ተረቱ እንደሚለው የግብዣው ጌታ እንስሳቱን ወደ ማእድ በጠራ ጊዜ አይጥ ለድመት ቀኑን አሳስቶ ነገረው፤ ድመትም ተኝቶ ቀረ። ስለዚህ በሶማ ቤት ድመት ኾኖ የሚወለድ ሰው የተናቀ ነው። ኪዮ የተባለው ጐልማሳ ትምህርቱን በጨረሰ ጊዜ ዕድሜውን ኹሉ ተዘግቶበት ሊኖር ተፈርዶበታል። በኹሉም ላይ የሠለጠነው አኪቶ የተባለው የቤቱ አለቃ ነው፤ በተረቱ የግብዣውን ጌታ ስፍራ የያዘ እርሱ ነውና። ታሪኩ ይህን ጌታ አምላክ ብሎ ይጠራዋል፤ የተረት ስም ስለ ኾነ አንባቢ አይሰናከልበት። የሚመለክ ሳይኾን ብቻውን መቅረትን እጅግ የሚፈራ ፍጡር ነው።

የፊተኛው አኒሜ ወዳጆች የሚያቀርቡት ነገር የሚናቅ አይደለም። ሥራው የተሠራው ስቱዲዮ ዲን በተባለው የሥዕል ቤት ነው፤ አዘጋጁ አኪታሮ ዳይቺም ሐዘኑን ከቀልድ ጋራ እያፈራረቀ፥ ዝምታ በሚያስፈልግበት ዝም እያለ፥ ተመልካቹን እንደ እንግዳ ሳይኾን እንደ ዘመድ የሚቀበል ሥራ አወጣ። በየክፍሉ መግቢያ የሚሰማውን ዘፈን ያዜመችው ሪትሱኮ ኦካዛኪ በ2004 ዓ.ም. ሞታለች፤ በልጅነታቸው ያን ድምፅ የሰሙ ሰዎች የቀዘቀዘ ነገር ኹሉ በርሱ ይሞቅላቸዋል። የኋለኛው ሥራ በመጣ ጊዜ ዜማውም መልኩም ድምፁም ተለውጦ አገኙት። ለውጡ ደግሞ የደራሲዋ የራሷ ፈቃድ ነበር፤ ተዋንያኑም ሠራተኞቹም ኹሉ አዲስ እንዲኾኑ የጠየቀች፥ ከላይ ኾናም የተቈጣጠረች እርሷ ናት። (የእንግሊዝኛው ትርጕም ግን የፊተኞቹን ዋና ዋና ድምፆች መልሶ ጠርቷል፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ የሰሙት ሰዎች የተወሰደባቸው ከጃፓኖቹ ያነሰ ነው።) ይህን ኹሉ ለሚወድ ሰው ማዘን ተገቢ ነው።

ከሐዘናቸው ያወጡት ፍርድ ግን ልክ አይደለም። እነርሱ እንደሚሉት ፊተኛው ሥራ በራሱ ፍጹም ነው፤ የቀረው መጽሐፍ ባይታከልበት ምንም አይጐድልበትም፤ የኋለኛው ያመጣው ልቅሶና ጭንቀት ብቻ ነው። በ2001 ዓ.ም. ግን መጽሐፉ ገና አልተፈጸመም ነበር፤ እስከ ፍጻሜው ዐምስት ዓመት ቀርቶታል። ደራሲዋም በዚያው ዘመን ግድም የምትሥልበት እጇ ታሞባት፥ በቀዶ ጥገና ታክማ፥ ሥራዋን አቋርጣ ቈይታለች። አዘጋጆቹ የሌላቸውን መጨረሻ ከየት ያምጡ? ኪዮ የተደበቀ አስቀያሚ መልኩን ተገልጦበት ቶሩ ሳትሸሸው የቀረችበትን ታሪክ ወሰዱና መዝጊያ አደረጉት፤ በዚያም ላይ ቶሩ በአኪቶ ፊት ቆማ ስትናገር አኪቶ ልቡ ሲሰበር አሳዩ። እንደ ብልሃት ሲታይ የሚመሰገን ብልሃት ነው። በመጽሐፉ ግን ያ ቀን ከመንገዱ እኩሌታ እንኳ አይደርስም፤ መርገሙ አልተፈታም፥ የኪዮ እስራት አልተሻረም፥ የአኪቶም ምስጢር አልታወቀም። በመንገድ ያደረ ሰው ያደረበትን ቤት ቢወድ ማንም አይከለክለውም፤ አገሬ ይህ ነው ብሎ ሲምል ግን ሊታረም ይገባዋል።

ይልቁንም ስለ ግብዣው የሰሙት ተረት ራሱ ቅርፊቱ ነው። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይጠይቅ አይነሣም። በመጽሐፉ መጨረሻ የሚገለጠው ነገር ይህ ነው። ከአይጥ ማታለል በፊት፥ ከግብዣውም በፊት፥ ብቻውን በተራራ ወደሚኖረው ጌታ ማንም ሳይጠራው አስቀድሞ የመጣ ድመት ነበረ። እንስሳቱ ኹሉ ተሰብስበው ደስታቸው በተፈጸመ ጊዜ ድመት ለሞት ቀረበ። ጌታው እንዳይለየው ብሎ ለዘላለም የሚያስተሳስር ጽዋ ሰጠው፤ ድመት ግን የሚያልፍ ነገር ቢያልፍ እንደሚሻል ተናግሮ፥ ያን የዘላለም እስራት እንደማይወድ ገልጦ ሞተ። ሌሎቹም ከዳተኛ ብለው ጠሉት። እንግዲህ ተንቆ የኖረው ስለ ተኛ ሳይኾን እውነት ስለ ተናገረ ነው፤ መርገም የተባለውም መዠመሪያ የወዳጆች ቃል ኪዳን ነበረ፤ ዘመኑ ካለፈ በኋላ አልለቅ ስላለ መርገም ኾነ። የ2001ዱን ብቻ ያየ ሰው ይህን ከቶ አልሰማም። በእጁ ያለው አይጥ ድመትን ያታለለበት የሕፃናት ተረት ነው፤ ያንንም ይዞ ምስጢሩ ከነገራቸው ጋራ ይሟገታል።

ኹለተኛው የተሰወረ ነገር የአኪቶ ነው። በፊተኛው አኒሜ አኪቶ ወንድ ነው። በመጽሐፉ ግን አኪቶ ሴት ናት፤ ገና ከመወለዷ ወንድ ኾና እንድታድግ እናቷ ሬን ወስናባታለች፤ የኋለኛው አኒሜም ይህን በ2020 ዓ.ም. በወጣው ክፍል መጨረሻ ላይ ገልጦታል። የጃፓንኛ ግስ ወንድና ሴትን ስለማይለይ ደራሲዋ ብዙ ዓመት ልትሰውረው ችላለች። ባማርኛ የሚተርክ ሰው ቢኾን ኖሮ ወይ በመዠመሪያው ግስ ምስጢሩን ያወጣል፥ ወይም አውቆ እንደሚሸሽግ ሰው ኹልጊዜ «እርሱ» እያለ ይዋሻል፤ እዚህም እስካሁን የተደረገው ይኸው ነው። ነገሩ ለማስደነቅ የተደረገ ተንኰል አይደለም። የአኪቶ ክፋት ከየት እንደ መጣ የሚያሳየው ቍልፍ እርሱ ነው፤ ቍልፉ ያልደረሰው ሰው ክፋቱን ብቻ ያያል።

ቶሩ ዩኪን ማግባት ነበረባት እያሉ የሚከራከሩት ብዙ ጊዜ አይወስዱም። ዩኪ ራሱ የሚፈልግባት የእናትነትን ፍቅር እንደ ኾነ ዐውቆ ተናግሯል፤ ባለቤቱ የተወውን ክስ ጠበቃው አይቀጥለውም።

ወደ ኋለኛው አኒሜ ወዳጆች ሲመለሱ ደግሞ ሌላ ትዕቢት ይገኛል። እነዚህ ሥራው ሙሉ ነው፥ ያልተጨመረ ያልተቀነሰ ነው፥ እርሱን ያየ ሰው መጽሐፉን መግለጥ አያስፈልገውም ይላሉ። ቲ.ኤም.ኤስ. የተባለው ቤት የሠራው ይህ ሥራ ከፊተኛው እጅግ የታመነ መኾኑ አይካድም። ዳሩ ግን በ2019 እና በ2020 ዓ.ም. 25፥ 25 ክፍል ተሰጥቶ፥ የመጽሐፉ ከባድ ሸክም ኹሉ የሚራገፍበት የ2021ዱ መጨረሻ 13 ክፍል ብቻ ተሰፈረለት። ያልገባው ውጭ ቀረ። የቶሩ እናትና አባት የኪዮኮና የካትሱያ ታሪክ በስፍራው ስላልተነገረ፥ በ2022 ዓ.ም. ለብቻው ፊልም ኾኖ ወጣ። ከዩኪ ባልንጀሮች መካከል የካኬሩና የወዳጁ የኮማኪ ነገር ደግሞ ከነጭራሹ ታለፈ። የኮማኪ አባት የሞተው የቶሩ እናት በሞተችበት በዚያው አደጋ ነው። ካኬሩ ስለ ወዳጁ ተቈርቍሮ ለቶሩ ያዘነች አንቺ ብቻ አይደለሽም የሚል ክፉ ቃል ተናግሯት ነበር፤ ኮማኪም ይህን በሰማች ጊዜ ደስ አላላትም፥ ተቈጣችው እንጂ። ባንድ አደጋ ኹለት ቤት ሲፈርስ የማን ሐዘን ይበልጣል ተብሎ እንዳይመዘን የተጻፈ ነገር ነው። ስለ ይቅርታ የሚናገር መጽሐፍ ይህን ያህል ቅጠል ከተቀነሰበት በኋላ ያልተቀነሰ ነው ማለት ድፍረት ነው።

ግማሽ ቃል ሰምቶ መፍረድ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ከመጽሐፉ ውጭ መውጣት አያስፈልግም። ኪዮኮ በመኪና በተመታች ቀን ኪዮ በስፍራው ነበረ። እጁን ዘርግቶ ሊስባት ይችል ነበር፤ ነገር ግን ካቀፋት በሰው ፊት ወደ ድመት ይለወጣል፥ ያንንም ፈርቶ ቆመ። እርሷም በደም ተነክራ በወደቀችበት ዐይኗን ወደ እርሱ አቅንታ ይቅር እንደማትለው ስትናገር ሰማ። ይህን ቃል ተሸክሞ ኖረ፤ ልጇን ቶሩን በወደዳት መጠን ቃሉ እየከበደበት ሄደ፤ ፍቅሯን በገለጠችለት ቀን ጥሏት የሸሸው ስለዚህ ነው። ኪዮኮ ግን ያን በተናገረች ጊዜ በልቧ የነበረው ሌላ ነበረ። ከዚያ በፊት ኪዮ ልጇን ሊጠብቅላት ቃል ሰጥቷት ነበር፤ በመጨረሻ እስትንፋሷ ልትል የፈለገችው፥ ያን ቃል ባትጠብቅ ይቅር አልልህም ነው። ከአፏ የወጣው ግን የዐረፍተ ነገሩ ጭራ ብቻ ነበር። አደራው ርግማን መስሎ ተሰማ። ከሶማ ቤት መርገም ይልቅ ይህ ግማሽ ዐረፍተ ነገር ሰውየውን አጐበጠው ቢባል ማጋነን አይደለም።

አኪቶን የሚከሱት ሦስተኞቹ ወገኖች ናቸው፤ ክርክሩም እውነተኛ ቍስል የሚነካው ከዚህ ላይ ነው። ክሳቸው እንዲህ ነው። አኪቶ ዩኪን በሕፃንነቱ በጨለማ ቤት ዘግታ ማንም እንደማይወደው አስተምራዋለች። ሃቶሪ ካናን ላግባ ባለ ጊዜ ዐይኑን አቍስላዋለች፤ ካናም ጥፋቱ የእኔ ነው እያለች አእምሮዋ ስለ ታወከ፥ ሃቶሪ በገዛ እጁ ትዝታዋን ሊሰርዝ ተገዷል። ሂሮ ኪሳን እወዳለሁ ስላለ ኪሳ ተደብድባለች። ኢሱዙ፥ ሪን የሚሏት፥ ከመስኮት ተገፍታ ወድቃለች፤ በኋላም ድመቱ በሚታሰርበት ቤት ተዘግታ ጠጕሯ ተቈርጧል። ኩሬኖ በጩቤ ተወግቷል። ይህን ኹሉ ያደረገች ሴት በመጨረሻ የሴት ልብስ ለብሳ በዘመዶቿ ፊት ቀርባ ይቅርታ ትለምናለች፥ የምትወደውንም ሺጉሬን ታገኛለች። ይህ ፍትሕ ነውን? በቤታቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ግፍ የደረሰባቸው አንባቢዎች አሉ፤ ቶሩ በዳይዋን ወዳጅ ልኹንሽ ስትላት ሲያዩ፥ እናንተም እንዲሁ አድርጉ ተብሎ የታዘዘባቸው ይመስላቸዋል። ይህን በማለታቸው ልበ ደንዳኖች ናቸው ማለት አይገባም። ለተደበደበ ሰው ፈጥኖ ይቅር በል የሚል መካሪ ብዙ ጊዜ የሚያሳርፈው ተበዳዩን ሳይኾን ራሱን ነው።

ግን ክሱ ደራሲዋን አያገኛትም። መጽሐፉ የአኪቶን ክፋት ምንጭ ሲነግር ክፋቱን አላነጻም። አባቷ አኪራ ለመወደድ የተወለደች መኾኗን ነግሯት ሞተ፤ እናቷ ጠላቻት፤ የአባቷ ነፍስ ይኖርበታል እየተባለ የተሰጣት ሣጥን ባዶ ነበር። ሪን ተይዛ የታሰረችው ይህንኑ ባዶ ሣጥን ልትሰርቅ ገብታ ነው። በባዶ ነገር ምክንያት ሰው ሲታሰር ያየ አንባቢ ደራሲዋ ለማን እንደምትፈርድ ሊጠራጠር አይችልም። ምክንያትን መናገር ሌላ፥ ምክንያትን እንደ ካሣ መክፈል ሌላ ነው።

ቶሩም የሰጠችው ምን እንደ ኾነ በደንብ መታየት አለበት። አኪቶ ኩሬኖን ከወጋች በኋላ ጩቤ እንደ ያዘች በዝናብ ወደ እርሷ መጣች። ቶሩ ስለ ኩሬኖ ቍስል፥ ስለ ዩኪ ጨለማ ቤት ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ የሌላ ሰው ዕዳ ለመሠረዝ ሥልጣን የላትም። የሰጠችው የራሷን ወዳጅነት ነው፤ ብቻሽን መቅረትን የምትፈሪ እንደ ኾንሽ እኔም እንዲሁ ነኝ ነው ያለችው። ወዲያው መሬቱ ከእግሯ በታች ተንዶ ቶሩ ወደ ገደል ወደቀች፤ ዕድሜዋን ኹሉ ሰውን ስታስር የኖረችው አኪቶም ሌላ ሰው እንዲተርፍ ብላ እየጮኸች ርዳታ ጠራች። ከሳሾቹ ይህን ስፍራ ሽልማት ይሉታል። ሽልማት ከኾነ አኪቶ ምን አገኘች? ከዚያ በኋላ የምታደርገው የመዠመሪያ ሥራ እጇን መክፈትና የያዘቻቸውን ኹሉ መልቀቅ ነው፤ ያለ እርሱ አልኖርም ያለችው ማሰሪያ አንድ በአንድ ይበጠሳል።

የተለቀቁትም ወዴት እንደ ሄዱ መቈጠር አለበት፤ ፍርዱ የሚገኘው ከዚያ ነው። ዩኪ ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ወጣ። ኪዮና ቶሩ ከሶማ ደጅ ርቀው ለብቻቸው ሊኖሩ ሄዱ። ኩሬኖ ቤቱን ትቶ ከአሪሳ ጋራ ሄደ። ዕርቅ ማለት ባንድ ማእድ ተመልሶ መቀመጥ ነው የሚል ሰው ይህን መጽሐፍ ለምስክር አይጥራው፤ በዚህ መጽሐፍ የዳኑት አብዛኞቹ በሩን ከውጭ የዘጉ ናቸው። የ2021ዱ አኒሜ ይህን ኹሉ በጥቂት ክፍል ውስጥ ስላጣደፈው፥ ልመናውና መለያየቱ ተደራርበው ይታያሉ፤ ቸኵሎ ላየ ተመልካች ልመናው እንጂ መሄዱ አይሰማውም። ከሳሾቹ ክሱን በዚህ መጣደፍ ላይ ቢያደርጉት ኖሮ የሚመልስላቸው ባልተገኘ ነበር።

ስለ ሺጉሬ ግን ያገኙት ነገር አላቸው። ይህ ሰው አኪቶን ለራሱ ለማግኘት ብሎ ቶሩንም ዘመዶቹንም እንደ ገበጣ ጠጠር አንቀሳቅሷቸዋል፤ ይህንንም ራሱ አይክድም። ነገሩ ኹሉ በመልካም ስላለቀለት ከደራሲዋ በቂ ጥያቄ አልቀረበበትም። የተንኰለኛ ሰው ዕድል ከተንኰሉ ጋራ ሲገጥም ዝም ብሎ ማለፍ፥ ከ136 ምዕራፍ በአንዱ እንኳ ቢኾን ሊታረም ይገባው ነበር።

የቀረውን ክስ ግን ይዘው የሚዞሩ ሰዎች፥ ደራሲዋ ተበዳዮችን ኹሉ በግድ አስታረቀች ማለታቸውን ከመድገማቸው በፊት ሪንን ይጠይቁ። ከመስኮት የተጣለችው፥ በጨለማ የተዘጋችው፥ ጠጕሯ የተቈረጠው እርሷ ናት። አኪቶ ኹሉን ሰብስባ በለመነች ጊዜ ሪን ይቅር አላለችም፤ ልትልም እንደማትችል ተሰምቷት ጥፋተኛዋ እኔ እንዳልኾን ብላ ተጨነቀች። ሃትሱሃሩም ይቅር ማለት የግድ እንዳልኾነ ነግሮ አጽናናት። መጽሐፉ እስኪዘጋ ድረስ ይቅር ሳትል ከሚወዳት ሰው ጋራ ትኖራለች፤ ደራሲዋም ስለዚህ ነገር አልገሠጸቻትም።